ብርሌ ከነቃ፦ የኑክሌር ዝቃጭ ለምን መስታወት ይደረጋል?

በ2018 መስከረም አንድ ማለዳ፣ ጎንደር ከቤቴ ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ባለው ጠጅ ቤት በር ላይ ሳልፍ ባለቤቷ ጠሩኝ። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ብርሌ እያጠቡ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሰምተዋል። የኬሚስትሪ መምህር በመሆኔ ከሬዲዮ የሚመጣ ያልተፈታ ነገር ሁሉ የሚጠየቀው እኔ ዘንድ ነው።

«ልጄ፣ የዚህ ነገር ቆሻሻው የት ነው የሚደፋው?»

«አይደፋም እማማ። በጣም አደገኛው ክፍል በብዙ አገር ከመስታወት ጋር አብሮ ይቀልጥና ራሱ መስታወት ሆኖ ይቀመጣል።»

እጃቸው ላይ ያለውን ብርሌ ወደ ብርሃን አንሥተው አገላበጡት። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ሲባል አልሰማህም? ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር እንዴት ለመስታወት አደራ ይሰጣል?»

የማስተምረው ክፍለ ጊዜ ደርሶብኝ ስለነበር በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሼላቸው ሄድኩ። መልሴ ግን ራሴን አላረካኝም። ከተማሪዎቼም ከባልደረቦቼም የምሰማው ጥርጣሬ ያው ነው፤ ሰው ሁሉ ዝቃጩ በመስታወት ጠርሙስ ተሞልቶ የሚቀበር ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እማማ ልክ ነበሩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ልዩነቱም ተድበስብሶ መታለፍ የለበትም ብዬ ስለማምን ይኸው ጻፍኩት።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። መስታወት ስል ፊት የሚታይበትን ብቻ ማለቴ አይደለም። ብርጭቆው፣ ጠርሙሱ፣ ብርሌው፣ የመስኮቱ መስታወት፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አማርኛችን ለየዕቃው ስም አውጥቶ ለቁሱ ለራሱ የጋራ ስም ብዙም ስላላስለመደን፣ እዚህ ሁሉንም መስታወት እላቸዋለሁ።

ከሪአክተር፣ ማለትም አተም እየተሰነጠቀ ሙቀት ከሚሰጥበት የኑክሌር ምድጃ፣ የሚወጣ ያገለገለ ነዳጅ ቢመዘን፣ ከመቶ እጅ 95 ያህሉ ያው የገባው ዩራኒየም ነው። አንድ እጅ ያህሉ ፕሉቶኒየም ሆኗል። የቀረው፣ ከ3 እስከ 4 እጅ የሚሆነው፣ የዩራኒየም አተም ለሁለት ሲሰነጠቅ የሚተርፈው ስብርባሪ ነው። በመጠን ትንሽ ነው፤ እሳቱ ያለው ግን እርሱ ዘንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ከሚወጣው ሙቀትና ጨረር አብላጫው ከሁለት ንጥረ ነገሮች ይመነጫል፤ ከሲዚየም 137 እና ከስትሮንቲየም 90። ፈረንሳይ፣ ሩሲያ፣ ሕንድና ጃፓን፣ ቀደም ሲል ደግሞ እንግሊዝ፣ ነዳጁን በናይትሪክ አሲድ አሟሙተው ዩራኒየሙንና ፕሉቶኒየሙን መልሰው ለመጠቀም ለይተው የማውጣትን መንገድ መርጠዋል። ይህ ሲደረግ የሚቀረው ከ30 በላይ ንጥረ ነገሮች የተሟሙበት፣ ካልቀዘቀዘ በገዛ ሙቀቱ የሚፈላ አሲድ ነው።

የችግሩ ሁሉ እምብርት ይህ ፈሳሽነቱ ነው። መስከረም 29 ቀን 1957 (እ.ኤ.አ.) በሶቪየት ኅብረት፣ በኡራል ተራሮች አካባቢ በሚገኘው ማያክ፣ እንዲህ ያለ ፈሳሽ የያዘ አንድ ታንከር ማቀዝቀዣው ተበላሸ። ፈሳሹ ተንኖ አለቀ፤ የቀረው ደረቅ ጨው ግሎ ፈነዳ። ጨረር አመንጪው አቧራ በነፋስ ተነድቶ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ወረደ፤ መንደሮች ከነስማቸው ጠፉ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው ሃንፎርድ ደግሞ ለጦር መሣሪያ ፕሉቶኒየም ሲመረት የተረፈ 200 ሚሊዮን ሊትር የሚያልፍ ዝቃጭ በ177 የመሬት ውስጥ ታንከሮች ተከማችቷል። ከእነዚህ 67ቱ እንዳፈሰሱ ይታመናል። የእማማ ተረት ከምንም በላይ የሚሠራው እዚህ ነው። ታንከሩ ብርሌ ነው፣ ዝቃጩ ጠጅ ነው፤ ዕቃው ከነቃ ያለው ሁሉ ወደ መሬት ነው።

ስለዚህ ዝቃጩ ጠጣር መሆን አለበት። ግን የትኛው ጠጣር? ፈሳሹን አድርቆ ዱቄት ማድረግ ይቻላል፤ ዱቄት ግን ነፋስ ይወስደዋል፣ ውኃም ያሟሟዋል። ከሲሚንቶ ጋር መለወስም ይቻላል፤ ለቀላሉ ዝቃጭ፣ ለምሳሌ ከሆስፒታልና ከፋብሪካ ለሚወጣው፣ በየአገሩ የሚደረገው ይኸው ነው። በጣም ለጋለው ግን ሲሚንቶ አይሆንም፤ በውስጡ ያለውን ውኃ ጨረሩ እየሰነጠቀ ሃይድሮጅን ያወጣዋል። ደግሞም ዝቃጩ አንድ ነገር አይደለም። ትልልቅ አተሞችና ትንንሽ አተሞች፣ ብረታ ብረትና ጨዋማ ነገሮች፣ ሁሉም ተደባልቀው አሉ። እነዚህን ሁሉ ሳይመርጥ የሚቀበል ጠጣር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከፋሲል ግቢ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ጎንደር በ1636 (እ.ኤ.አ.) የአፄ ፋሲለደስ መናገሻ ከሆነች በኋላ የተሠራውን ግንብ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ድንጋዮቹ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ያውቃል። ትልቁ ከትንሹ፣ ሹሉ ከድቡልቡሉ ተደባልቆ ተደርድሯል፤ ክፍተቱን ኖራ ሞልቶታል። ትግራይ ውስጥ የሐ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ግን ያለ ኖራ የቆመ ነው፤ ድንጋዮቹ ተጠርበው ልክ በልክ ተገጣጥመዋል። የሐ ላይ መጠኑ ያልሆነ ድንጋይ ቢመጣ ቦታ የለውም። ጎንደር ላይ ግን የመጣው ድንጋይ ሁሉ የሚቀመጥበት አያጣም።

ጨው፣ ስኳር፣ ድንጋይ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ኳርትዝ፣ እነዚህ ክሪስታሎች ናቸው፤ አሠራራቸው እንደ የሐ ነው። አተሞቻቸው በተወሰነ ሥርዓት ተሰልፈዋል፣ ባዕድ አተም በቀላሉ አያስገቡም። መስታወት ደግሞ እንደ ፋሲል ግንብ ነው። መሠረቱ ሲሊካ ነው፤ አንድ የሲሊከን አተም በአራት ኦክስጅን ተከብቦ፣ ኦክስጅኖቹን ከጎረቤቱ ጋር እየተጋራ የሚዘረጋ መረብ። ኳርትዝ ውስጥ ይህ መረብ እንደ ጥልፍ ወጥ ነው። መስታወት ውስጥ ግን ቀልጦ ሳለ ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኝ ስለረጋ፣ እንደተዘበራረቀ ቀርቷል። የሚጠቅመንም መዘበራረቁ ነው። በመረቡ መካከል ሰፊም ጠባብም ክፍተት አለ፤ ሲዚየሙና ስትሮንቲየሙ በክፍተቱ ይቀመጣሉ፣ እንደ ዚርኮኒየም ያሉት ደግሞ ከመረቡ ጋር ራሳቸው ይያያዛሉ። ድንጋይ በኖራ እንደሚያዝ ኬሚካላዊ ትስስር ይይዛቸዋል።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው መስታወት ቦሮሲሊኬት ይባላል። የምድጃ ሙቀት የሚችሉት የላቦራቶሪ ብርጭቆዎች ከዚሁ ወገን ናቸው። ንጹሕ ሲሊካ ለመቅለጥ ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል፤ ቦሮንና ሶዲየም ሲጨመሩበት ግን በ1,100 እና በ1,150 መካከል ይሠራል። ይህ የማገዶ ቁጠባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ከዚያ እየበለጠ ሲሄድ ሲዚየሙ እየተነነ ያመልጣል፤ ልንይዘው የፈለግነው ነገር በጭስ ማውጫው ይሄዳል ማለት ነው። ለማነጻጸር፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ሴቶች ሸክላቸውን የሚተኩሱት ሜዳ ላይ በሚነድ እሳት ከ1,000 ዲግሪ በታች ነው። የዝቃጩ መስታወት ምድጃ ከእነርሱ እሳት ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ከሰው ልጅ የጥንት ሙያ የራቀ አይደለም። የሚርቀው ማንም ሰው አጠገቡ መቆም አለመቻሉ ነው።

በኢንዱስትሪ ደረጃ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችው ፈረንሳይ ናት፤ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ማርኩል ላይ። ዛሬ በሰሜን ፈረንሳይ ላ አግ በሚባለው ስፍራ ፈሳሹ በሚሽከረከር የጋለ ቱቦ ውስጥ አልፎ ይደርቃል። የወጣው ዱቄት ከተፈጨ መስታወት ጋር ወደ ምድጃ ይወርዳል፣ ቀልጦ ይዋሐዳል፣ ከዚያ በማይዝግ ብረት በርሜል ይንቆረቆራል። በርሜሉ የሰው ደረት ያህል ከፍታ አለው፤ 1.3 ሜትር ነው። 400 ኪሎ ግራም ያህል መስታወት ይይዛል። በአሜሪካ ሳቫና ሪቨር ላይ ያለው በርሜል ደግሞ 3 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ ፈሳሹ አስቀድሞ ሳይደርቅ በቀጥታ ቀልጦ ባለው መስታወት ላይ ይፈስሳል፣ የኤሌክትሪክ ጅረትም በቀለጠው መስታወት ውስጥ እያለፈ ራሱን በራሱ ያግለዋል። መስታወት ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሲቀልጥ ግን ያስተላልፋል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ ይገረማሉ፤ እኔም ገና አልለመድኩትም።

ሠራተኞቹ ይህን ሁሉ የሚያከናውኑት ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ሆነው፣ በሜካኒካል ክንድ ነው። የሚመለከቱበት መስኮት ደግሞ እርሳስ የተቀላቀለበት፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር የሚደርስ መስታወት ነው።

ከተገኘው መስታወት ውስጥ ዝቃጩ የሚይዘው ድርሻ በፈረንሳይ ከመቶ እጅ 15 እስከ 20 ያህል ነው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ዌስት ቫሊ በተባለ ስፍራ ከ1996 እስከ 2002 (እ.ኤ.አ.) 2 ሚሊዮን ሊትር የሚያልፍ ፈሳሽ ዝቃጭ በ275 በርሜል መስታወት ተጠናቅቋል። ከ2 ሚሊዮን ሊትር አደገኛ ፈሳሽ 275 በርሜል ጠጣር ማውጣት፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ብዙም ሳይወራለት የቀረ ትልቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ እማማ ብርሌ ልመለስ። ይህ መስታወት ይነቃል? አዎ፣ ይነቃል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከ1,100 ዲግሪ ሲወርድ ዳሩ ከመሐሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ይሸመቅቃል፣ ይሰነጠቃል። በእያንዳንዱ በርሜል ውስጥ ያለው መስታወት አንድ ወጥ ግንድ ሳይሆን ስንጥቅ የበዛበት ነው፤ መሐንዲሶቹም ሲያሰሉ ስንጥቁን ቆጥረው ያስገቡታል። ታዲያ ለምን አልተጨነቁም?

መልሱ ጎንደር ውስጥ በየአጥሩ አናት ላይ አለ። ሌባ እንዳይዘል ተብሎ በሲሚንቶ የተተከለውን የጠርሙስ ስባሪ ሁላችንም እናውቀዋለን። አረንጓዴውም ቡናማውም የተሰበረው ገና ሲተከል ነው፤ ስንት ክረምት ዘንቦበታል፣ ስንት በጋ ፀሐይ ተፈራርቆበታል። አረንጓዴው ዛሬም አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ወደ ግድግዳው አልፈሰሰም፣ በዝናቡ ታጥቦ አልሄደም። ምክንያቱም ቀለሙ ጠርሙሱ ውስጥ የተቀዳ ነገር አልነበረም። አረንጓዴ የሚያደርገው ብረትና ክሮምየም መስታወቱ ሲቀልጥ ገብቶ የመስታወቱ አካል ሆኗል። ጠርሙሱን ለሁለት ብትሰብሩት ሁለት አረንጓዴ ስባሪ ታገኛላችሁ፤ ለሺህ ብታደቅቁትም ሺህ አረንጓዴ ስባሪ ነው። ቢራው ግን በመጀመሪያው ስንጥቅ ፈስሶ አልቋል።

የኑክሌር ዝቃጭ በመስታወት ውስጥ እንደ ቢራው አይደለም፤ እንደ አረንጓዴው ቀለም ነው። መስታወቱም ዕቃ አይደለም። ዕቃ ካልሆነ ደግሞ ተረቱ አይመለከተውም።

ስንጥቅ ምንም ለውጥ አያመጣም እያልኩ ግን አይደለም። ስንጥቅ ውኃ የሚነካውን ገጽ ያሰፋል። ለዚህ ነው ትክክለኛው ጥያቄ «ይነቃል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ውኃ ምን ያደርገዋል?» የሚሆነው። መስታወት ከመሬት በታች ለሺህ ዓመታት ሲቀመጥ ዋናው ጠላቱ ሰባሪ እጅ አይደለም፤ ውኃ ነው።

አንድ ጊዜ ለቤት መሠረት ሲቆፈር የወጣ የድሮ ጠርሙስ ወደ ክፍል ይዤ ገብቼ ነበር። ላዩ ደብዝዞ፣ በውኃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ ኅብረ ቀለም አውጥቶ፣ በጥፍር ሲነካ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላጥ ነበር። መስታወት ከውኃ ጋር ሲኖር የሚሆነው ይህ ነው። በመጀመሪያ በውኃው ያለው ሃይድሮጅን መስታወቱ ገጽ ላይ ካለው ሶዲየም ጋር ቦታ ይለዋወጣል፤ ሶዲየሙ ይወጣል። ቀጥሎ ውኃው የሲሊካውን መረብ ራሱን ይበጣጥስና ያሟሟል። እስከዚህ ድረስ ያስፈራል። ሦስተኛው ነገር ግን መልካም ነው፤ ከተበጣጠሰው ሲሊካ ከፊሉ እዚያው ገጹ ላይ ተመልሶ ይረጋና ስስ ልባስ ይሠራል። ልባሱ እየጠበቀ ሲሄድ ውኃው ወደ ጤነኛው መስታወት የሚደርስበት መንገድ ይጠባል።

በዚህ ላይ ውኃው ራሱ ይጠግባል። ስኳር የጠገበ ሻይ ተጨማሪ ስኳር እንደማያሟሟ ሁሉ ሲሊካ የጠገበ ውኃም ተጨማሪ መስታወት ለማሟሟት አቅም ያጣል። የሚፈስስ ውኃ ግን ሁልጊዜ የተራበ ነው፤ የጠገበው ሄዶ የተራበው ይተካል። ስለዚህ የዝቃጩ መስታወት የሚቀበርበት ቦታ ሲመረጥ የሚፈለገው፣ ፈጽሞ ደረቅ ቦታ ካልተገኘ፣ ውኃው ትንሽ የሆነና የማይንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ውኃው በረጋበትና ልባሱ በጠናበት ሁኔታ የመስታወቱ መሟሟት ከጀመረበት ፍጥነት ከሺህ እጥፍ በላይ ሲቀንስ በላቦራቶሪ ተለክቷል።

ላቦራቶሪ ግን ጥቂት አሥርት ዓመታትን ነው የሚያየው፤ እኛ የምንጠይቀው ስለ አሥር ሺዎች ነው። ተመራማሪዎች ስለዚህ ወደ አሮጌ መስታወት ዞሩ። በደቡብ ፈረንሳይ ኤምቢዬ በተባለች ደሴት አጠገብ የሰመጠች አንዲት የሮማውያን ዘመን መርከብ ጥሬ መስታወት በቋጥኝ በቋጥኙ ጭና ነበር። ቋጥኞቹ ሲሠሩ በቅዝቃዜ የተሰነጣጠቁ ናቸው፣ ልክ እንደ ዝቃጩ መስታወት። 1,800 ዓመት ባሕር ውስጥ ከቆዩ በኋላ ተከፍተው ሲመረመሩ ውጫዊው ገጽና ሰፋፊው ስንጥቅ ተበልቷል፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት ጠባብ ስንጥቆች ግን ከመስታወቱ ራሱ ሟሙቶ በረጋ ልባስ ተደፍነው ብዙም አልተጎዱም። ለእማማ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ መልስ አላውቅም። ስንጥቁ ራሱን ደፍኗል።

ከዚያም የሚረዝም ምስክር በአገራችን አለ። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅላጭ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር መስታወት ነው። አያቶቻችን ለመላጫ፣ በደቡብ ያሉ ፋቂዎች ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ለቆዳ መፋቂያ ተገልግለውበታል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ሁለተኛ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ባልጩት ጠርበው መሣሪያ ሠርተዋል። ከመሬት የወጡት መሣሪያዎች ዛሬም ስለታቸው ይታያል። መስታወት ናቸው፤ ሚሊዮን ዓመት ዝናብና ጎርፍ አልፎባቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባልጩት ከዝቃጩ መስታወት የበለጠ ሲሊካ ስላለው በውኃ ፊት የበለጠ ይጠናል። ለዝቃጩ የሚቀርበው ከባዛልት የሚገኘው ጥቁር መስታወት ነው። የጎንደርና የሰሜን ተራሮች ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። እንዲህ ያለ ዕድሜ ባለው ባዛልት ውስጥ የነበረው መስታወት አብዛኛው ወደ ሸክላ አፈርና ዜዮላይት ወደሚባሉ ማዕድናት ተለውጧል። ዜዮላይት ለዝቃጭ መስታወት ተመራማሪዎች የሚያሳስብ ስም ነው። በአንዳንድ ሁኔታ፣ በተለይ ውኃው እጅግ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲሆን፣ ዜዮላይት መፈጠር ከጀመረ ሲሊካውን እየሳበ ልባሱን ያፈርሰዋል፤ ረግቶ የነበረው መሟሟትም እንደገና ይቀሰቀሳል። ይህ መቼ እንደሚሆንና መቼ እንደማይሆን ማወቅ ዛሬም ብዙ ላቦራቶሪ የተጠመደበት ጥናት ነው። መስታወት ዘላለማዊ አይደለም። የሚፈለገው ግን ዘላለም አይደለም፤ ጨረሩ እስኪደክም ድረስ መቆየት ነው።

ጨረሩስ መቼ ይደክማል? የፋሲል ግንብ እንደገና ይርዳን። በ1636 ከኖራው ጋር አንድ በርሜል የዝቃጭ መስታወት ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይገኝ ነበር? የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ነው፤ በየ30 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። እስካሁን 13 ጊዜ ያህል ስለተገመሰ ከ8,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቀር ነበር። ስትሮንቲየም 90 ከዚያም ያንሳል። አብዛኛው ሙቀትና አብዛኛው ገዳይ ጨረር አልፏል ማለት ነው። አሜሪሲየም 241 ግን ግማሽ ዕድሜው 432 ዓመት ስለሆነ ከግማሽ በላይ ይቀራል። ሳይለይ ያመለጠ ፕሉቶኒየም 239 ቢኖር ከመቶው 99 እጁ እንዳለ ነው፤ የእርሱ ግማሽ ዕድሜ 24,100 ዓመት ነው። ኔፕቱኒየም 237 ደግሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። የመጀመሪያውን 300 ዓመት ደህና ብረትና ደህና ጠባቂም ሊያሻግረው ይችላል። መስታወቱ፣ ሸክላ አፈሩና ቋጥኙ የሚያስፈልጉት ከዚያ በኋላ ላለው ነው።

መስታወት የማይቀበላቸው እንግዶችም አሉ። ሞሊብዲነም ሲበዛ ከመስታወቱ ተለይቶ ቢጫ፣ በውኃ የሚሟሟ ጨው ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ሲዚየሙንም አብሮ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ሩተኒየምና የፕላቲኒየም ወገኖች አይሟሙም፣ ምድጃው ሥር ይዘቅጣሉ፤ ጃፓን ውስጥ ሮካሾ ላይ ሥራውን ለዓመታት ካጓተቱት ችግሮች አንዱ ይህ ነው። ቴክኒሺየም 99 በሙቀቱ ይተንናል፣ እየተያዘ እንደገና ወደ ምድጃው መመለስ አለበት። አዮዲን 129 ከሁሉም የከፋ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲሆን መስታወት ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል። ከላ አግ የሚወጣው አዮዲን አብዛኛው በፈቃድ ወደ ባሕር ይለቀቃል። ስለ መስታወት መልካምነት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲዘልሉት አይቻለሁ፤ መዘለል የለበትም።

ሩሲያ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማያክ ላይ የምትጠቀመው ሌላ ዓይነት ነው፤ መረቡ ከሲሊካ ሳይሆን ከፎስፌት የተሠራ። ሞሊብዲነሙን በተሻለ ይቀበላል፣ በዝቅተኛ ሙቀትም ይቀልጣል፤ ነገር ግን ምድጃውን ቶሎ ይበላል፣ በሙቀትም ቶሎ ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል። ሃንፎርድ ላይ ደግሞ የመስታወት ፋብሪካው ግንባታ በ2002 ተጀምሮ የመጀመሪያው ዝቃጭ፣ ያውም ቀለል ያለው ክፍል፣ ወደ መስታወት መለወጥ የጀመረው በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው ከባድ ነው።

ሁሉም አገር በዚህ መንገድ አይሄድም። ፊንላንድና ስዊድን ነዳጁን አያሟሙትም። ፊንላንድ ኦንካሎ በተባለው ስፍራ ያገለገለውን ነዳጅ እንዳለ በመዳብ ማቀፊያ ከትታ፣ በሸክላ አፈር ከብባ፣ 430 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ቋጥኝ ውስጥ ለመቅበር አዘጋጅታለች። ፈረንሳይ መስታወቷን ቡር አካባቢ 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ሸክላማ ዓለት ውስጥ ለመቅበር በ2023 (እ.ኤ.አ.) የፈቃድ ማመልከቻ አስገብታለች። እስካሁን በየትኛውም አገር ከፍተኛ ጨረር ያለው የዝቃጭ መስታወት በጥልቅ መቃብሩ በቋሚነት አልገባም። ሁሉም በመጋዘን፣ እየቀዘቀዘ፣ እየተጠበቀ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከገበያ ስመለስ፣ ይህን ሁሉ ለእማማ አሳጥሬ ነገርኳቸው። የአጥሩ አረንጓዴ ስባሪ ላይ ስደርስ ብድግ ብለው በመስኮት የራሳቸውን አጥር አዩ። ከዚያ ዋናውን ጠየቁኝ።

«የእኛስ? እኛ መስታወቱን ማን ያቀልጥልናል?»

ለመልሱ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 በተመረቀበት ዕለት ዕቅዱን ተናገሩ፤ በመስከረም 2018 ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሮሳቶም፣ ከሩሲያ መንግሥት የኑክሌር ድርጅት፣ ጋር የድርጊት ዕቅድ ተፈረመ። አዲስ ጀማሪ አገር የራሱን ማሟሚያና የመስታወት ምድጃ አይሠራም፤ ዋጋውም ቴክኒኩም ከአንድ ሪአክተር በላይ ነው። ስለዚህ የሚወሰነው ነገር ያገለገለው ነዳጅ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ባንግላዴሽ ለሩፑር ማመንጫዋ ነዳጁን ሩሲያ መልሳ እንድትወስድ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ፈርማለች። ግብፅ ደግሞ ለኤል ዳባ ማመንጫዋ ያደረገችው ውል ሮሳቶም እዚያው ግብፅ ውስጥ የነዳጅ ማከማቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። እንዲህ ባለው ደረቅ ማከማቻ ነዳጁ እንዳለ በወፍራም ብረትና ኮንክሪት ተከልሎ ይቀመጣል።

«ይኸኛው እንግዲህ ዕቃ ነው» አሉ እማማ፣ የግብፁን ስነግራቸው።

«አዎ እማማ፣ እርሱ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ አይደለም፣ እንደ ሸክላ የተተኮሰ ጠጣር ነው፤ እንደ ጠጅ አይፈስስም። ቢሆንም ዕቃ ነው። እየተፈተሸ፣ እየተጠበቀ፣ ሲያረጅ እየተቀየረ ነው የሚኖረው።»

«እስከ መቼ?»

«መስታወት እስኪሆን፣ ወይም እስኪቀበር።»